ዩስቱስ ፎን ሊቢግና የፎስፎረስ ነገር

ድኻ አፈር ላይ የበቀለ ተክል እንዴት ኑሮውን እንደሚገፋ የሚመረምር የዛሬ ተመራማሪ፥ ማሳው የሩዝም ይሁን የስንዴ፥ ምርመራውን የሚጀምረው ከአንድ መሠረተ ሐሳብ ነው። ይኸውም ተክል ከአፈር የሚወስደው የታወቁ ማዕድናትን መሆኑና ከነዚያም አንዱ ቢጎድል የሌሎቹ መትረፍረፍ ምንም የማይፈይድ መሆኑ ነው። ይህ ነገር ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሰጥ ተራ ትምህርት ሆኗል። ከ180 ዓመታት በፊት ግን ሊቃውንትን ያጨቃጨቀ፥ ገበሬዎችን ያሳሳቀ፥ አንድ ፋብሪካንም ለኪሳራ የዳረገ ሐሳብ ነበር። ሐሳቡን ለዓለም ያዳረሰው ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ሲሆን፥ ለኪሳራው ምክንያት የሆነውም ራሱ ሊቢግ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሊቢግ በግንቦት ወር 1803 በዳርምሽታት ከተማ ተወለደ። አባቱ ቀለም፥ ዘይትና ልዩ ልዩ የኬሚካል ሸቀጦችን እያዘጋጀ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ልጁ በትምህርት ቤት የላቲንና የግሪክ ቋንቋ አልገባ እያለው ሲቸገር፥ በአባቱ መሥሪያ ክፍል ውስጥ ግን ቀለም ሲቀመምና ቫርኒሽ ሲፈላ እያየ አደገ። በገበያ ቀን ከሚመጡ አዟሪዎች አንዱ የብር ፉልሚኔት የተባለውን ፈንጂ እየቀመመ የሚንጣጣ መጫወቻ ሲሠራ አይቶ፥ ቀመሙን በዓይኑ ብቻ ተከታትሎ ቤቱ ገብቶ ደገመው። ወደ ፊት ምን መሆን ትሻለህ ተብሎ ሲጠየቅ ኬሚስት ብሎ በመመለሱ መምህሩም ተማሪዎቹም እንደ ሳቁበት ይነገራል፤ በዚያ ዘመን ኬሚስትነት ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበርና። ከዚያም ሄፐንሃይም በምትባል ከተማ ለመድኃኒት ቀማሚ ረዳትነት ተሰጠ፤ ሆኖም ብዙ ሳይቆይ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ያባረረው በሰገነቱ ላይ ያፈነዳው ፉልሚኔት ነው የሚሉ አሉ፤ አባቱ የማሠልጠኛውን ክፍያ መቀጠል ስላልቻለ ነው የሚሉም አሉ።

ልጁ 13 ዓመት ሲሞላው፥ ማለትም በ1816፥ አውሮፓ በጋ የሌለበት ዓመት ተብሎ የተጠራውን ዘመን አየች። በኢንዶኔዥያ የታምቦራ እሳተ ገሞራ በ1815 ፈንድቶ የበተነው አቧራና ጋዝ የፀሐይን ሙቀት ስለከለከለ እህል ሳይበስል ቀረ፤ ጀርመንንም ረኃብ ገባት። ሊቢግ በኋለኛው ዘመኑ ስለ ዳቦና ስለ አፈር የነበረውን ጭንቀት ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ከዚህ ዘመን ጋር ያያይዙታል።

በ1820 ቦን ዩኒቨርሲቲ ገባ። መምህሩ ካስትነር ወደ ኤርላንገን ሲዛወር አብሮት ሄደ። እዚያም በተማሪዎች የፖለቲካ እንቅስቃሴ ውስጥ ተገኝቶ ፖሊስ ስለፈለገው በ1822 ከከተማው ሸሸ። ደግነቱ የሄሰኑ መስፍን ሉድቪግ ቀዳማዊ ለትምህርቱ ገንዘብ ፈቅዶለት በዚያው ዓመት ወደ ፓሪስ ተላከ። በዚያ ዘመን የኬሚስትሪ መናኸሪያ ፓሪስ ነበረች። ጌ ሉሳክ ከቤተ ሙከራው አስገብቶት የልጅነት መጫወቻው የነበረውን ፉልሚኔት በሚዛንና በመለኪያ መረመሩት። ታላቁ ተጓዥና ሊቅ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት የወጣቱን ሥራ ተመልክቶ ለመስፍኑ የድጋፍ ቃሉን ስለ ሰጠ፥ ሊቢግ በ1824 ገና በ21 ዓመቱ በጊሰን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። የተሰጠው ቤተ ሙከራ ባዶ በቀረ የጦር ሠፈር ውስጥ የነበረ የዘበኞች ቤት ነበር።

ከዚህ የዘበኞች ቤት ውስጥ ነው የዛሬው የቤተ ሙከራ ትምህርት የተወለደው። ቀድሞ ኬሚስትሪ የሚሰጠው መምህሩ እየሠራ ተማሪው እያየ ነበር። ሊቢግ ግን ተማሪውን ራሱን ከምድጃውና ከሚዛኑ ፊት አቆመው። በ1831 ያስተዋወቀው ባለ አምስት ድብልብል የብርጭቆ መሣሪያም ሥራውን በብዙ እጥፍ አፈጠነው። አሠራሩ ለመሐንዲስ ዓይን ደስ የሚያሰኝ ነው። የሚመረመረው ነገር ይቃጠላል፤ ከውስጡ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በድብልብሎቹ ውስጥ ባለ የፖታሽ ውሃ ይያዛል፤ ከዚያም መሣሪያው ከነ ውሃው ይመዘናል። የክብደቱ ጭማሪ የካርቦኑን መጠን ይናገራል። ጋዝን በመጠን መለካት ትቶ በክብደት መለካት፥ ሳምንታት ይፈጅ የነበረውን ሥራ ጥንቃቄ ያለው ተማሪ በአንድ ቀን እንዲጨርሰው አስቻለ። የዚህ መሣሪያ ሥዕል ዛሬም በአሜሪካ የኬሚስትሪ ማኅበር ዓርማ ላይ ይታያል።

ጊሰን ትንሽ ከተማ ብትሆንም ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ሳይቀር ተማሪ ጎረፈላት። በ1839 ቤተ ሙከራው ሲሰፋ የሕንፃውን ሥራ የመራው አርክቴክት ሆፍማን ነበር፤ ልጁ አውጉስት ቪልሄልምም ከሊቢግ ደቀ መዛሙርት አንዱ ሆኖ በኋላ በማቅለሚያ ኬሚስትሪ ስሙ ገነነ። አርክቴክት ለመሆን ጊሰን የገባው ኬኩሌም የሊቢግን ትምህርት ሰምቶ ሙያውን ለወጠ፤ የቤንዚንን የቀለበት ቅርጽ ለዓለም ያስረዳው እርሱ ነው። የሕንፃ ሥራ ምን እንደ ቀረበት ማንም ሊያውቅ አይችልም።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ሊቢግ ስለ እርሻ የጻፈው ነገር አልነበረም። ወደ እርሻ የዞረው ከ1837 የእንግሊዝ አገር ጉብኝቱ ወዲህ ሲሆን፥ ኬሚስትሪ ለእርሻና ለሥነ ሕይወት ስለሚሰጠው አገልግሎት የጻፈው መጽሐፍ በ1840 ወጣ። በዚያ ዘመን የታመነው ተክል የሚመገበው በአፈር ውስጥ ያለውን ብስባሽ ነው የሚለው ሐሳብ ነበር። ሊቢግ ይህን በሒሳብ አፈረሰው። በአንድ ማሳ ላይ በየዓመቱ የሚታጨደውን ካርቦን ቢቆጥሩት ብስባሹ ሊሰጥ ከሚችለው ይበልጣል፤ ስለዚህ ካርቦኑ የሚመጣው ከአየር ነው፤ ከአፈር የሚመጣው ተክሉ ሲቃጠል በአመድ ውስጥ የሚቀረው ፖታሽ፥ ኖራ፥ ማግኒዝየምና ፎስፌት ነው። ገበሬ እህሉን በሸጠ ቁጥር አፈሩን እየከፈለ ይሸጣል ማለት ነው። የተወሰደው ካልተመለሰ አገር ይደኸያል።

እዚህ ላይ ለእውነት ሲባል አንድ ነገር መነገር አለበት። በጣም የጎደለው ንጥረ ነገር የምርቱን ልክ ይወስናል የሚለው ሕግ ዛሬ በሊቢግ ስም ቢጠራም፥ ቀደም ብሎ በ1820ዎቹ ዓመታት የጻፈው ሌላው ጀርመናዊ ካርል ሽፕረንግል ነው። ሊቢግ የሽፕረንግልን ስም ከፍ አድርጎ አላነሣም፤ ሽፕረንግልም ቅሬታው ሳይሰማለት አለፈ። ሊቢግ ሐሳብን በማቀጣጠል ወደር አልነበረውም፤ ቀዳሚን በማመስገን ግን ስስታም ነበር።

በዚሁ የ1840 መጽሐፉ ውስጥ ሊቢግ ስለ አጥንት አንድ ምክር ሰጠ። የእንግሊዝ ገበሬዎች የተፈጨ አጥንት በማሳቸው ላይ መበተን ከጀመሩ ቆይተው ነበር፤ አጥንቱ ግን እንደ ድንጋይ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። ሊቢግ አጥንቱ በሰልፈሪክ አሲድ ቢታሸ ይሻላል አለ። የአጥንት ዋና አካል ካልሲየም ፎስፌት ሲሆን፥ በአንዱ ሞለኪውል ውስጥ ካሉት 3 የካልሲየም አተሞች 2ቱን ሰልፈሪክ አሲዱ ወስዶ ጂፕሰም ያደርጋቸዋል፤ የቀረው ፎስፌት በውሃ የሚሟሟ ይሆናል። የዛሬው የሱፐርፎስፌት ፋብሪካ ሥራም በመሠረቱ ይኸው ነው። ሆኖም ሐሳቡን ወደ ገበያ ያወጣው ሊቢግ አይደለም። ሮትሃምስቴድ በተባለ ርስቱ ላይ ሙከራ ሲያደርግ የነበረው እንግሊዛዊው ጆን ቤኔት ሎውስ በ1842 የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ በ1843 በለንደን አጠገብ በዴፕፎርድ ፋብሪካ አቋቋመ። አየርላንዳዊው ሐኪም ጀምስ መሪም በዚያው ዓመት በዚሁ ጉዳይ መብት አስመዝግቦ ነበር።

ሊቢግ በራሱ መንገድ ሄደ። በ1845 የማዕድን ማዳበሪያ ቀምሞ በሊቨርፑል የሙስፕራት ኩባንያ እንዲሠራው አደረገ። ቀመሙን ያወጣው በቤተ ሙከራ ውስጥ በጥሩ ምክንያት ላይ ተመሥርቶ ነበር። ፖታሽ በውሃ ይሟሟል፤ ዝናብ ሲዘንብ ታጥቦ ይሄዳል፤ ስለዚህ ፖታሹና ፎስፌቱ ከኖራ ጋር በእሳት ቀልጠው ቢዋሐዱ በቀስታ የሚሟሟ ነገር ይሆናሉ፤ ተክሉም ጥቂት በጥቂት ይመገባል። አሞኒያን አልጨመረበትም፤ የአየሩና የዝናቡ አሞኒያ ይበቃል ብሎ ያምን ነበርና። ማዳበሪያው ተሸጠ፤ ገበሬዎች በተኑት፤ ማሳው ግን ዝም አለ። ሁለት ስሕተቶች በአንድ ከረጢት ውስጥ ታሽገው ነበር። ስንዴው ናይትሮጅን ይፈልጋል፤ በከረጢቱ ውስጥ የለም። ፎስፌቱና ፖታሹ ደግሞ በእሳቱ ምክንያት እንደ ብርጭቆ ጠንክረው ሥር ሊደርስባቸው አልቻለም። አጥንትን በአሲድ አሟሙ ያለ ሰው ከ5 ዓመት በኋላ ፎስፌትን እንዳይሟሟ አድርጎ መሸጡ ከታሪክ ምፀቶች አንዱ ነው። የፋብሪካ ሥራ ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ይበልጥ የሚያስገርመው ነገር፥ ምርቱ ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት በበቂ የማሳ ሙከራ አለመፈተኑ ነው።

ሎውስና የሥራ ጓደኛው ጊልበርት ዝም አላሉም። ጊልበርት ራሱ ጊሰን ሄዶ የሊቢግ ተማሪ የነበረ ሰው ነው። በሮትሃምስቴድ ብሮድቦክ በተባለው ማሳ ላይ ከ1843 ጀምሮ ስንዴን በልዩ ልዩ ማዳበሪያ እየዘሩ በየዓመቱ መዘኑ። አመድና ማዕድን ብቻ የተሰጠው መደብ ምርቱ ዝቅተኛ ሆነ፤ አሞኒያ የተጨመረበት ከፍ አለ። ሊቢግ በቁጣ መለሰ፤ ክርክሩም ለዓመታት ቀጠለ። በጽሑፍ የሚሰነዝረው ዘለፋ ለሳይንስ ሰው የሚገባ አልነበረም። ያ የብሮድቦክ ማሳ ግን እስከ ዛሬ በየዓመቱ እየተዘራ ይመዘናል።

ሊቢግን ለማወደስ ሲባል ብቻ ሳይሆን እውነቱ እንዲህ ስለ ሆነ መነገር የሚገባው፥ ከኪሳራው በኋላ ነገሩን ሳይተው መመርመሩ ነው። ከጊሰን ዳር አሸዋማ ጉብታ ገዝቶ ከ1845 እስከ 1849 ገደማ ማዕድኖቹን በራሱ ገንዘብ ፈተነ። ጊሰንን ለቆ በ1852 ወደ ሙኒክ ሄደ። በመሐሉ እንግሊዛዊው ኬሚስት ቶማስ ዌይ በ1850 አንድ ታላቅ ነገር አሳየ። አሞኒያና ፖታሽ የተቀላቀለበት ውሃ በአፈር ላይ ቢፈስ፥ ከታች የሚወጣው ውሃ እነዚህን አጥቶ ይወጣል፤ አፈሩ ይይዛቸዋል። ሊቢግ ይህን አንብቦ ዝናብ ያጥባቸዋል ብሎ የፈራው ፍርሃት መሠረት እንደሌለው ተረዳ፤ ማዳበሪያውን እንዳይሟሟ ማድረጉ ከንቱ ድካም እንደ ነበረም በ1862 በወጣው በ7ኛው የመጽሐፉ እትም በግልጽ አመነ። ቀደም ብሎም በ1857 በባቫሪያ ሆይፌልድ ላይ ሱፐርፎስፌት የሚያመርት ኩባንያ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ ጋር ተሰልፎ ነበር። በአሲድ የታሸ ፎስፌት በመጨረሻ የእርሱም ምርት ሆነ።

ዌይ ያየው የአፈር መያዝ ግን በፎስፎረስ ላይ ሲደርስ በረከትም መርገምም ነው። አሲድነት ባለው ቀይ አፈር ውስጥ ብረትና አሉሚንየም ፎስፌትን አጥብቀው ይይዙታል፤ ኖራ በበዛበት አፈር ደግሞ ካልሲየም ያስረዋል። በማዳበሪያ መልክ ከተሰጠው ፎስፎረስ በመጀመሪያው የምርት ዘመን ተክሉ የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ አራተኛ አይበልጥም። በኢትዮጵያ ደጋዎች ያለውን ቀይ አፈር የሚያርስ ገበሬ፥ ለአሥርተ ዓመታት ዳፕ በሚለው ስም የሚያውቀውን ማዳበሪያ በብዙ ወጪ ገዝቶ የበተነው አብዛኛው እዚያው አፈር ውስጥ ታስሮ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ሊቢግ የመልሶ መስጠትን ሒሳብ ሲያሰላ አፈሩ ራሱ እንዲህ ያለ ስስታም ባንክ መሆኑን ሙሉ በሙሉ አላወቀም ነበር።

ከእርሱ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ጥያቄውን ከአፈሩ ወደ ተክሉ አዞሩት። ከነዚህ ተክሎች አንዱ ሩዝ ነው። ሩዝ በውሃ በተሸፈነ ማሳ ሲዘራ አየር ከአፈሩ ስለሚወጣ ፎስፌትን አጥብቆ የያዘው ብረት ጠባዩን ይለውጥና ከፊሉን ይለቀዋል። የሩዝ ሥር ደግሞ በውስጡ ባለው የአየር መተላለፊያ ኦክስጅን ወደ ታች አውርዶ በዙሪያው ያለውን ብረት መልሶ ያዝገዋል፤ ይህ በሚሆንበት ጊዜ የሚፈጠረው አሲድ ደግሞ ከሥሩ አጠገብ ያለውን ፎስፌት ያሟሟዋል። ውሃ በማይቆምበት ከፍታ ላይ የሚዘራው ሩዝ ይህ ዕድል ስለሌለው ችግሩ ይበረታበታል። ፎስፎረስ ያጣ ሩዝ ቁመቱ ያጥራል፥ ቅጠሉ ደማቅ አረንጓዴ ይሆናል፥ ከሥሩ የሚያወጣቸው አዳዲስ አገዳዎች ያንሳሉ፥ መብሰያው ይዘገያል። ነገር ግን ዝም ብሎ አይሞትም። ምግቡን ከቅጠል ይልቅ ወደ ሥር ይልካል፤ የሥር ጸጉሩን ያበዛል፤ ፎስፌት በአፈር ውስጥ የሚጓዘው እጅግ በዝግታ ነውና ሥሩ ራሱ ሄዶ ሊያገኘው ይገባል። በውስጡም ይቆጥባል። ከአሮጌ ቅጠሎች ፎስፎረሱን አውጥቶ ለለጋዎቹ ይሰጣል፤ በሕዋሶቹ ሽፋን ውስጥ ያሉትን ፎስፎረስ ያለባቸውን ቅባቶች ፎስፎረስ በሌለባቸው ይተካል።

ካሳላት የተባለ የሕንድ ክፍለ አህጉር ነባር የሩዝ ዘር ድኻ አፈርን ከዘመናዊዎቹ ዘሮች ይልቅ እንደሚችል ከታወቀ በኋላ፥ የጃፓን ተመራማሪዎች በ1998 ምሥጢሩ በ12ኛው ክሮሞሶም ላይ መኖሩን አመለከቱ። በፊሊፒንስ ያለው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም ከሌሎች ጋር ሆኖ በ2012 ጂኑን ለይቶ አወጣ። ጂኑ ፎስፌትን የሚያሟሟ ወይም የሚስብ አይደለም፤ በለጋነቱ የሥሩን እድገት የሚያፋጥን ነው። በብዙ ዘመናዊ ዘሮች ውስጥ ይህ ጂን የለም፤ ማዳበሪያ በተትረፈረፈበት ማሳ ላይ የተመረጡ ዘሮች እርሱን ሳይዙ ቢቀሩ አያስደንቅም። ሙሉ የጂን መዝገቡ ቀድሞ የተነበበው የጃፓን ዘር ኒፖንባሬም ጂኑ ስለሌለው፥ በመዝገቡ ላይ ሲፈለግ የኖረው ነገር ሊገኝ ያልቻለው በዚህ ምክንያት ነበር። ሆኖም ትልቅ ሥር ያለው ሩዝም ቢሆን አፈር ውስጥ የሌለውን ፎስፎረስ አይፈጥርም፤ በመከር ጊዜ በተክሉ ውስጥ ካለው ፎስፎረስ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በፍሬው ውስጥ ተጭኖ ከማሳው ይወጣል። የሊቢግ የሒሳብ መዝገብ አሁንም አልተዘጋም።

ሊቢግ ራሱ ሩዝን የሚያበቅሉ አገሮችን በአድናቆት ይመለከት ነበር። ሄርማን ማሮን የተባለ ጀርመናዊ ከፕሩሲያ የምሥራቅ እስያ ጉዞ ጋር ጃፓንን አይቶ ስለ እርሻዋ የጻፈውን ዘገባ ሊቢግ ከመጽሐፉ ጋር አያይዞ አሳተመው። ጃፓኖች ከከተማ የሚወጣውን የሰው ዓይነ ምድር ሰብስበው ወደ ማሳ መመለሳቸው፥ ከመቶ ዘመናት እርሻ በኋላም አፈራቸው አለመድከሙ ለእርሱ የንድፈ ሐሳቡ ምስክር ነበር። አውሮፓ ግን በዚያው ጊዜ በቧንቧ የሚታጠብ መጸዳጃ እየዘረጋች ሁሉንም ወደ ወንዝ ትልክ ነበር። ሊቢግ የለንደን ፍሳሽ ወደ ቴምዝ ከሚለቀቅ ወደ እርሻ ይመለስ ዘንድ ጻፈ፥ ተከራከረ። እንግሊዝ ከየጦር ሜዳው ሳይቀር አጥንት እየለቀመች የሌላውን አገር አፈር ለምነት ትወስዳለች ብሎ ከከሰሰ በኋላ፥ ያ አጥንት በከተሞቿ ፍሳሽ ውስጥ ሆኖ ወደ ባሕር እንደሚገባ አሳሰበ። የለንደን መሐንዲሶች ጉዳያቸው ኮሌራና ግማት ስለ ነበር ፍሳሹን ከከተማው ማራቁ ቀደመባቸው። በሁለቱም በኩል ያለው ምክንያት እውነተኛ ነበር፤ ፍሳሽን እያጣሩ ፎስፎረሱን መልሶ የማውጣት ቴክኒክ በኋላ ዘመን የመጣ ነውና። ዛሬ የዓለም ፎስፌት ድንጋይ ክምችት አብዛኛው በሞሮኮና በምዕራብ ሣህራ መገኘቱ የዚህን ክርክር ክብደት ያሳያል።

በሙኒክ ያሳለፋቸው 21 ዓመታት ከጊሰኑ ይልቅ ረጋ ያሉ ነበሩ። በ1859 የባቫሪያ የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነ። የሥጋ መረቅ አትንኖ ማጠንከርን፥ የሕፃናት ምግብ ማዘጋጀትንና መስተዋትን በብር መለበጥን ሞከረ፤ በስሙ የተጠራው የሥጋ ፍሳሽ ኩባንያ በ1865 ተቋቁሞ በኡራጓይ ፍራይ ቤንቶስ ፋብሪካ ሠራ። ስሙን የብዙ ቤት ማዕድ ያወቀው ከማዳበሪያው ይልቅ በዚህ ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 1873 በሳንባ ምች በ69 ዓመቱ ሙኒክ ውስጥ ዐረፈ፤ በከተማይቱም በአሮጌው የደቡብ መካነ መቃብር ተቀበረ። በጊሰን የሚገኘው የዘበኞች ቤት ከምድጃዎቹና ከመሣሪያዎቹ ጋር ከ1920 ጀምሮ ቤተ መዘክር ሆኗል፤ ዩኒቨርሲቲውም በስሙ ይጠራል።